የሴራ ወሬ ያመነን ዘመድ ሳንጣላው እንዴት እናናግረው?

የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ አጎታችሁ የሰባት ደቂቃ ቮይስ ፎርዋርድ አድርገዋል። የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ድምፁ ግን ይንቀጠቀጣል። ክትባቱ ልጆቻችንን ሊያመክን እንደመጣ ወይም 666 በመርፌ ተደርጎ ሰውነት ውስጥ እንደሚገባ ይናገራል። ከሥሩ አጎታችሁ "እስኪ ይሄን ስሙት ልጆች" ብለው ጽፈዋል።

ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል። አንዱ ዝምታ ነው። ሌላው "ጋሼ ደግሞ ይሄንንም ያምናሉ?" የሚል፣ ከሳቅ ኢሞጂ ጋር። ሁለቱም አይጠቅሙም። ዝም ስንል የተስማማን ይመስላቸዋል። ስንስቅባቸው ደግሞ የሚያከብራቸው ሰው ወዳለበት ይሄዳሉ፣ ያ ቦታ ደግሞ ቮይሱ የመጣበት ግሩፕ ነው።

ይህን የጻፍኩት የራሳቸውን ሰው ማናገር ለሚፈልጉ ነው። ቲክቶክ ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ስለመከራከር አይደለም፣ እሱን ተዉት። እናት፣ አጎት፣ የልጅነት ጓደኛ፣ የዕድር ጎረቤት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እነሱን ማጣት አንፈልግም፣ ወሬውም ሊጎዳቸው ይችላል። (ዓመቶቹን የጻፍኳቸው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ወሬው ምን እየሰጣቸው እንደሆነ እወቁ

"ስላልተማሩ ነው" የሚለውን መልስ መጀመሪያ አስቀምጡት። ትምህርት ይረዳል፣ ግን ብዙ ተምረው የሴራ ወሬ ሲያወሩ የሚያመሹ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። እንግሊዝ አገር ኬንት ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ ካረን ዳግላስ ከባልደረቦቿ ጋር በ2017 ያወጣችው ጽሑፍ ነገሩን በሦስት ፍላጎት ያየዋል። ሰው የሆነውን ነገር መረዳት ይፈልጋል። ደኅንነት እንዲሰማው፣ ኑሮው ከእጁ እንዳልወጣ እንዲያውቅ ይፈልጋል። ለራሱና ለወገኑም ጥሩ ግምት እንዲኖረው ይፈልጋል። የሴራ ወሬ ሦስቱንም እሰጣለሁ ብሎ ይመጣል። ይሰጣል ወይ ለሚለው፣ እነዚሁ ተመራማሪዎች እንዳዩት ብዙ ጊዜ አይሰጥም፤ እንዲያውም ሰውየውን የባሰ አቅመ ቢስ እንደሆነ እንዲሰማው ያደርጋል።

የመጀመሪያውን ፍላጎት በደንብ የሚያሳየው የኬኔዲ ሞት ነው። በ1963 ዳላስ ላይ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በጥይት ተመቶ ሞተ። የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በማግስቱ ዓመት ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ብቻውን እንዳደረገው ገለጸ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በተደረጉ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች አብዛኛው አሜሪካዊ ይህን አልተቀበለም። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር እንዲህ ባለ ትንሽ ሰው ሆነ ብሎ መቀበል ከባድ ነው። የልዕልት ዳያናም እንደዚያው ነው። በ1997 ፓሪስ ውስጥ የሞተችው በሰከረ ሹፌር መኪና ውስጥ የደኅንነት ቀበቶ ሳታስር ነው፣ ፎቶ አንሺዎች እያሳደዷት። ሹፌር ጠጥቶ ሰው ሲሞት በየቀኑ እንሰማለን፤ ልዕልት ስትሆን ግን ልባችን ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ እንግሊዝ ውስጥ ሰዎች በሽታውን ያመጣው 5ጂ ነው ብለው የስልክ ማማዎችን አቃጠሉ። በዓይን የማይታይ ቫይረስን ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ማማ ግን ይቃጠላል። ጠላት ሲገኝ ፍርሃቱ አቅጣጫ ያገኛል።

ሦስተኛውን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን፤ እኔ ግን በቤተሰብ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ይመስለኛል። ጡረታ የወጡ ሰው በፊት ይጠየቁ ነበር፣ ይመክሩ ነበር። አሁን ልጆቹ ስልክ ላይ ናቸው። አንድ ቀን ግን ሌላው የማያውቀውን "የተደበቀ" ነገር ይዘው ብቅ ሲሉ ቤቱ ሁሉ ዞር ብሎ ያያቸዋል። ውጭ አገርም ያው ነው። ልጆቿን ልታይ ሜሪላንድ የሄደች እናት ልጆቿ ሁለት ሥራ ሲሠሩ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን አፓርታማ ውስጥ ዩቲዩብ ከፍታ ትውላለች። የሚያዋራት እሱ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ዜና አይገባትም፣ በአማርኛ የሚያስፈራራት ቻናል ግን ሁሌ አለ።

ስለዚህ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ወሬው ለእሳቸው የቱን እየሞላላቸው እንደሆነ አስቡ። ብቸኝነት ከሆነ፣ አሥር የሳይንስ ማስረጃ ከመላክ በየቀኑ መደወልና ሰንበቴው ወይም ማኅበሩ ጋ ማድረስ ይበልጣል። ፍርሃት ከሆነ መጀመሪያ ፍርሃቱን ስሙት። ነገሩን መረዳት ብቻ ከሆነ ደግሞ ቀላል ነው፣ አስረዷቸው።

እውነት የሆነውን ክፍል አትካዱ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። "መንግሥትና ሐኪም እንዲህ ያለ ነገር አያደርጉም" ብላችሁ ከጀመራችሁ ተሸንፋችኋል፣ ምክንያቱም አድርገው ያውቃሉ።

አላባማ ውስጥ ቱስኪጊ በምትባል ከተማ የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት በ1932 አንድ ጥናት ጀመረ። ወደ 600 የሚሆኑ ድሃ ጥቁር ወንዶች ገቡበት፤ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። "መጥፎ ደም" አለባችሁ ተባሉ፣ ምን እንዳለባቸው ግን በትክክል አልተነገራቸውም። ነፃ ምርመራ፣ ምግብና የቀብር ወጪ ተሰጣቸው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ፔኒሲሊን የቂጥኝ መድኃኒት መሆኑ ታውቆ በሌላው ቦታ ሲሰጥ እነሱ ተከለከሉ፣ በሽታው ሰውን እስከ መጨረሻው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሲባል። ይህ 40 ዓመት ቀጠለ። ያበቃው በ1972 አንድ የውስጥ ሰው ለጋዜጠኛ ከተናገረ በኋላ ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በይፋ ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው።

ወደ ቤታችንም ይቀርባል። እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን እንደማንኛውም ዜጋ ደም ይለግሱ ነበር። የደም ባንኩ ግን ኤችአይቪ ፈርቶ ለዓመታት ደማቸውን ተቀብሎ በድብቅ ይጥለው ነበር። አልነገራቸውም። በጥር 1996 አንድ ጋዜጣ አወጣው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ውስጥ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወጡ፣ ከፖሊስም ጋር ተጋጩ። አስቡት፤ በ1995 አንዲት እናት "ደማችንን ወስደው ይጥሉታል" ብትል ኖሮ ስንቶቻችን የሴራ ወሬ ነው እንላት ነበር? ትክክል ግን እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ይህች እናት ስለ መርፌ አንድ ነገር ስትሰማ ብትጠራጠር ምኑ ይገርማል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። ሰውየው የሚሉትን ስትሰሙ "ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነው የቱ ነው?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱን በአፋችሁ ተናገሩት። "ልክ ነዎት፣ ቱስኪጊ ላይ አድርገውታል" ማለት ሽንፈት አይደለም። እንዲያውም ቀጥላችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ እዚያ ላይ ይመሠረታል፦ ያ እንዴት ታወቀ? ቱስኪጊም ሆነ የእስራኤሉ ደም የታወቁት ስም ያለው ጋዜጠኛ፣ ሰነድና ምስክር ይዞ ስላወጣቸው ነው። አሁን የመጣው ቮይስ ከነዚህ ምኑ አለው? ይህን ጥያቄ የምትጠይቁት የእሳቸውን ጥርጣሬ ካከበራችሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከጠየቃችሁ ማፋጠጥ ነው የሚሆነው።

ማን ይናገር? የካኖ ነገር

ለዚህ ከማውቀው ሁሉ የተሻለው ምሳሌ ሰሜን ናይጄሪያ ካኖ ነው።

በ1996 ካኖ ውስጥ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ነበር። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ መጥቶ ትሮቫን የሚባል አዲስ መድኃኒት በ200 ሕፃናት ላይ ሙከራ አደረገ፤ ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ ሌላ የታወቀ መድኃኒት ወሰዱ። አሥራ አንድ ልጆች ሞቱ። ኩባንያው የገደላቸው በሽታው ነው አለ። ቤተሰቦች ደግሞ ሙከራ መሆኑን በደንብ አልነገሩንም አሉ፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ደርሶ ለዓመታት ቆየ፤ በ2009 ኩባንያው ከካኖ ክልል ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ።

በዚህ መሐል በ2003 የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ወደ ካኖ መጣ። ወሬው ቀድሞ ነበር፦ ክትባቱ ሴት ልጆችን ያመክናል፣ ኤችአይቪ አለበት፣ ምዕራባውያን ሙስሊሙን ለመቀነስ የላኩት ነው። የሃይማኖትና የፖለቲካ መሪዎች አቁሙ አሉ፣ ክልሉም ዘመቻውን አቆመ። ቫይረሱ ግን አልቆመም። ከናይጄሪያ ተነስቶ ጎረቤት አገሮችን አዳርሶ ሱዳን ገባ፣ ከሱዳን ኢትዮጵያ ገባ። ኢትዮጵያ ለጥቂት ዓመታት ከፖሊዮ ነፃ ሆና ቆይታ ነበር። ካኖ ላይ የተጀመረ ጥርጣሬ እኛ አገር ያለ ሕፃን እግር ላይ ደረሰ።

እንዴት ተፈታ? ሰዎቹን "እናንተ አላዋቂዎች" በማለት አይደለም። የራሳቸው ሰዎች ክትባቱን እንዲያስመረምሩ ተደረገ። ከዚያም የካኖ ባለሥልጣናት ክትባቱ ከኢንዶኔዥያ እንዲመጣላቸው ጠየቁ፣ ከሙስሊም አገር ፋብሪካ። መጣ። በ2004 አጋማሽ ክትባቱ ተጀመረ። ያው የፖሊዮ ክትባት ነው፤ የተለወጠው አምጪው ነው። በነሐሴ 2020 አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ታወጀ፣ ናይጄሪያም የመጨረሻዋ አገር ነበረች።

እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የኤችአይቪ መድኃኒትን ትተው በጠበል ብቻ እንድናለን ያሉ ብዙ ሕመምተኞች በነበሩበት ጊዜ፣ በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ይህን ሐኪም ሺህ ጊዜ ቢለው እንደሳቸው አይሰማም ነበር።

ስለዚህ እናንተ ትክክለኛዋ ተናጋሪ ላትሆኑ ትችላላችሁ። ይህ ቅር ሊላችሁ አይገባም። አጎታችሁ ማንን ይሰማሉ? የንስሐ አባታቸውን? የመስጊዳቸውን ኢማም? የሰፈሯን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ? ነርስ የሆነች የእህት ልጅ? እሷ ብትደውልላቸው እናንተ በአንድ ወር የማትሠሩትን በአንድ ቡና ትሠራዋለች። ደውላችሁ ለምኗት።

እናንተ የምትናገሩ ከሆነ

ግሩፕ ላይ አይሁን። ሰው ፊት የተናገሩትን ሰው ፊት መመለስ ለሽማግሌ ሞት ነው። ለብቻቸው፣ በስልክ ወይም ቡና ላይ፣ ጊዜ ባላችሁ ቀን። እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

"ጋሼ፣ ያን ቮይስ ሰማሁት። ምኑ ነው ያሳሰበዎት?"

"ልጆቹ ናቸዋ! የልጅ ልጆቼ ሊመክኑ ነው እኮ።"

"ይሄማ ያስፈራል። እስኪ ከአሥር ቢሰጡት፣ እውነት ነው ብለው ምን ያህል ያምናሉ?"

"ሰባት።"

"ለምን አሥር አላሉም?"

"እንግዲህ… ሰውዬውን አላውቀው። ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ነርስ ናት፣ የራሷን ልጅ አስከትባለች ሲሉ ሰምቻለሁ።"

ልብ በሉ፣ ማስረጃውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። "ለምን ሰባት ሆነ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ኖሮ ሰባቱን የሚያጠናክር ምክንያት ይቆጥሩላችሁ ነበር። "ለምን አሥር አላሉም?" ስትሉ ግን የራሳቸውን ጥርጣሬ ይፈልጋሉ። ይህ አጠያየቅ ዊልያም ሚለር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከመጠጥ ሱስ ጋር የሚታገሉ ሰዎችን ሲረዳ ካዳበረው ዘዴ የመጣ ነው። ሰው ሌላው ከነገረው ይልቅ ራሱ የተናገረውን ያምናል።

እዚህ ላይ ደስ ብሏችሁ "አዩ!" እንዳትሉ። ሁሉም ነገር ይበላሻል። "ታዲያ ነርሷን አብረን ብንጠይቃትስ?" በሉ፣ ከዚያ ቀኑን ቁረጡ።

ሌላው ጥሩ ጥያቄ "እንዴት?" የሚለው ነው። በ2002 ሁለት የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ዚፕና የመጸዳጃ ቤት ውኃ እንዴት እንደሚሠሩ ምን ያህል ታውቃላችሁ ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ በደንብ አውቃለሁ አለ። ደረጃ በደረጃ አስረዱ ሲባሉ ግን ያን ያህል እንደማያውቁት ቶሎ ገባቸው፣ ለራሳቸው የሰጡትን ነጥብም ቀነሱ። እናንተም በቅንነት ጠይቁ፦ ይህ ነገር እንዲሆን ማን ማን ማወቅ አለበት? ፋብሪካው፣ ጉምሩኩ፣ ጤና ጣቢያው፣ መርፌውን የምትወጋው ልጅ፣ ሁሉም ዝም ብለው የራሳቸውን ልጆች እያስከተቡ? ጥያቄው ወጥመድ እንዳይመስል ግን ቀስ በሉ። መልሱን ካላወቁት "እኔም አላውቀውም፣ እናስብበት" በሉና እለፉት።

ማስረጃ አይጠቅምም የሚሉትን አትስሙ። አንድ ሰሞን ሰውን ካረምከው የባሰ ይጠነክራል የሚል ጥናት በጣም ተወርቶ ነበር፤ በኋላ በሰፊው ሲሞከር እንዲህ ያለው ነገር ብዙም አልተገኘም። በ2024 ደግሞ ቶማስ ኮስቴሎ፣ ጎርደን ፔኒኩክና ዴቪድ ራንድ ከሁለት ሺህ በላይ አሜሪካውያን ያመኑበትን የሴራ ወሬና ምክንያታቸውን እንዲጽፉ አደረጉ፣ ከዚያም ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጋር ትንሽ እንዲነጋገሩ። እምነታቸው በአማካይ ወደ 20 በመቶ ቀነሰ፣ ከሁለት ወር በኋላም እንደዚያው ቆየ። ለኔ ዋናው ቁም ነገር ማሽኑ አይደለም። መልሱ የተሰጠው ሰውየው ራሱ ላቀረበው ምክንያት ነው፣ ያለ ስድብና ያለ መሰላቸት። እኛ ግን ብዙ ጊዜ አጎታችን ያላሉትን ነገር ነው የምንመልሰው።

ስለዚህ አንድ ምክንያት ብቻ ምረጡ፣ እሳቸው ዋና ያሉትን። ለማምከን ወሬው ከፋብሪካ ጥናት ይልቅ ከቤታቸው ያለው ማስረጃ ይበልጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ መደበኛው የሕፃናት ክትባት የተጀመረው በ1980 ነው፣ በእኛ በ1972 ዓ.ም.። "ጋሼ፣ አበበንና ሰናይትን አስከትበዋቸው ነበር አይደል? ሰናይት እኮ ሦስት ወለደች።" ይህ ይበቃል። ሌላ አሥር ነገር አትጨምሩ።

ወሬውን ራሳችሁ አታሰራጩት

በ1977 ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች እውነትም ሐሰትም የሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን በየሁለት ሳምንቱ አነበቡላቸው። የተደጋገመው ሁሉ፣ ሐሰቱም ጭምር፣ እያደር እውነት መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ይህ በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ "ይሄን ውሸት እዩት" እያላችሁ ስክሪንሾቱን አትላኩ። ስታርሙ ከእውነቱ ጀምሩ፦ "የተከተቡ ልጆች አድገው ወልደዋል።" ወሬውን ማንሳት ካለባችሁ አንዴ አንሱት፣ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ተናገሩ፣ ከዚያ በእውነቱ ጨርሱ።

ከዚህ የሚሻለው ቀድሞ መድረስ ነው። ሳንደር ቫን ደር ሊንደን የሚባል የካምብሪጅ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ሰው የማታለያውን ዘዴ አስቀድሞ ካወቀው ወሬው ሲመጣ በቀላሉ አይወድቅለትም። ለቤተሰባችሁ፣ በተለይ ለወጣቶቹ፣ አንድ የተጋለጠ ታሪክ ንገሯቸው። እኔ የምነግረው ይህን ነው። ኤድስን አሜሪካ በላብራቶሪ ሠራችው የሚለውን ወሬ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በ1983 ሕንድ ውስጥ አንድ ጋዜጣ የደብዳቤ ዓምድ ላይ ወጣ፤ ጸሐፊው "የታወቀ አሜሪካዊ ሳይንቲስት" ተባለ፣ ስም የለውም። በ1985 አንድ የሶቪየት ጋዜጣ ያንኑ የሕንድ ጋዜጣ ምንጭ አድርጎ ደገመው። ከዚያ የብዙ አገር ጋዜጦች ተቀባበሉት፣ እያንዳንዱ ሌላውን እየጠቀሰ። ከጀርባው የሶቪየት ስለላ ድርጅት ኬጂቢ ነበር፤ በ1992 የሩሲያ የስለላ ኃላፊ የነበሩት ዬቭጌኒ ፕሪማኮቭ አምነዋል። ስም የሌለው ምሁር፣ ሩቅ አገር ያለ ምንጭ፣ እርስ በርሱ የሚጠቃቀስ ወሬ። ዛሬ "ከአንድ ትልቅ ሐኪም የተላከ" የሚል ቮይስ ሲመጣ ልጆቹ ራሳቸው ይለዩታል። "ሚዲያ አይነግራችሁም" እና "ሳይጠፋ ቶሎ ላኩት" የሚሉትንም ጨምሩላቸው።

እኛም ከዚህ ውጭ አይደለንም። የማንወደውን ወገን የሚያጠቁር ወሬ ሲመጣ ሳናጣራ ጣታችን ሼር ላይ ይሄዳል። አጎታችሁን የምትጠይቁትን ጥያቄ ለዚያኛውም ጠይቁ፤ ይህን ሲያዩ እናንተን መስማት ይቀላቸዋል።

መውጫ ተዉላቸው

ማንም ሰው በአንድ ስልክ "ተሳስቻለሁ" አይልም። እንዲልም አትጠብቁ። ሐሳባቸውን ሲቀይሩ ብዙ ጊዜ በዝምታ ነው፤ መላክ ይቀንሳሉ፣ ወይም "እኔ እንኳ ያን ያህል አላመንኩትም ነበር" ይላሉ። "ኧረ ብለው ነበር!" ብላችሁ የድሮውን ቮይስ አታውጡ። "አዎ፣ ወሬው በዝቶ ነው" ብላችሁ እለፉ። ውይይቱን ስትጨርሱም በሥራ ጨርሱ፦ እናንተ እሳቸው የላኩትን ታዩላቸዋላችሁ፣ እሳቸው ደግሞ ነርሷን ይጠይቁላችኋል፣ እሑድ ትደዋወላላችሁ። መደወሉን ግን አትርሱ።

መታገሥ የማይገባበት ጊዜ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጊዜ ሲኖር ነው። ወሬው ሰው ላይ ሲያነጣጥር ግን ጊዜ የለም። በ2018 መጸው፣ በእኛ በጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ አማራ ክልል ውስጥ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ልጆችን እየመረዙ ነው የሚል ወሬ ተነስቶ በሰው መንጋ ተገደሉ። ወላጅ ለልጁ ፈርቶ ነው የወጣው፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፣ ወሬው ግን ሐሰት። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ የሚለው አባባል እንዲህ ላለው ቀን ነው።

የሰው ስም፣ ፎቶ፣ የመኪና ታርጋ፣ ሰፈር ወይም ብሔር ጠቅሶ "እነዚህ ናቸው" የሚል መልእክት ሲመጣ ከአሥር ስንት ነው እያላችሁ አትቀመጡ። ያን ጊዜውኑ ለላከው ሰው ደውሉ፣ አትጻፉ፣ ደውሉ። "ይህ መልእክት ሰው ያስገድላል፣ አሁን አጥፉት" በሉ። የግሩፑን አድሚን ፈልጉና እንዲያጠፋው ጠይቁ። ወሬው ስለ ጤና ከሆነ የአካባቢውን ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ቢሮ አሳውቁ፣ ሠራተኞቻቸው ሜዳ ላይ ሊሆኑ ይችላሉና። ስሙ የተጠራውን ሰው ካወቃችሁት ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን አስጠንቅቁት፤ ከዚያ የሰፈሩን ሽማግሌዎች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ወይም የመስጊዱን ሰዎችና ፖሊስን ጥሩ።